የአማከለች ጥያቄ

አማከለች የምክር አገልግሎት ባለሙያ ሆና ወረታ ወደሚገኘው ትምህርት ቤታችን ስትመደብ፣ ሥራዋ ምን እንደሆነ በቅጡ የገባን መምህራን ብዙ አልነበርንም። እኔ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ርእሰ መምህሩ አቶ ሉቃስ የተሰባበረ ወንበር ይከማችበት የነበረውን ክፍል አስጠርገው ሰጧት። ተማሪዎቹ ሳይውሉ ሳያድሩ «የእብዶች ቢሮ» የሚል ስም አወጡለት። ይህ ስም ከወጣ በኋላ በራሱ እግር ማን ይገባል? የሚመጡላት የተደባደቡና መምህር የተሳደቡ ልጆች ብቻ ሆኑ፤ እነሱም «ቀጥቅጠሽ ላኪልን» እየተባሉ።

አማከለች የሐሙሲት ልጅ ናት። አባቷ ቄስ ገብረ ሐና የብዙ ሰው ንስሐ አባት ስለነበሩ፣ ያደገችው የተጣላና የጨነቀው ሰው በማይጠፋበት ቤት ነው። ዝም ብሎ መስማትን የለመደችው እዚያ ይመስለኛል። ተማሪ ሳለች አንዲት የክፍል ጓደኛዋ ራሷን አጠፋች። ከዚያ በፊት ልጅቱ ስትከሳ፣ ከሰው ስትሸሽ ሁሉም አይቷል። ምን ሆንሽ ብሎ የጠየቃት ግን አልነበረም። አማከለች ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ሥነ ልቦና የመረጠችው በዚህ ምክንያት እንደሆነ አንድ ጊዜ ነግራኛለች። ደጋግማ የምታወራው ነገር አይደለም።

ቢሮዋ ሰው ባይመጣላት ሰው ወዳለበት መሄድ ጀመረች። ከገጠር የሚመጡት ተማሪዎች ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይተው ስለሚኖሩ፣ ዓርብ ዓርብ ስንቅ ለማምጣት ወደ ወላጆቻቸው ይሄዳሉ። እሷም ጫማዋን ቀይራ አስፋልቱ እስኪያልቅ፣ አንዳንዴም ከዚያ አልፋ አብራቸው ትሄዳለች። ፊት ለፊት አስቀምጠው ሲጠይቁት አፉ የሚታሰር ልጅ፣ ጎን ለጎን ሲሄድ ምላሱ ይፈታል።

ከአቶ ሉቃስ ጋር የተጋጨችው ግን በየክፍሉ እየገባች ስለ ራስ ማጥፋት በግልጽ ማስተማር ስትጀምር ነው። መምህራን ማረፊያ ተቀምጠን ሳለ ነበር።

«አንቺ ልጅ፣ ይህን ነገር ልጆች ፊት ማንሣት የተኛውን መቀስቀስ ነው» አሏት።

«የሚያስበው ልጅ ቀድሞም አልተኛም፣ አቶ ሉቃስ» አለቻቸው። «ስንጠይቀው ሐሳቡን አንሰጠውም። የሚነግረው ሰው እንዳለ ነው የምናሳውቀው።»

«አንድ ነገር ቢመጣ ተጠያቂው እኔ ነኝ።»

«ዝም ብለንስ ቢመጣ?»

አቶ ሉቃስ ግን አልከለከሏትም። እሷም ቀጠለች። በየክፍሉ ሳትናገረው የማትወጣው ነገር ይህ ነበር፦ የጓደኛን ምስጢር መጠበቅ ጥሩ ነው፤ ሕይወት ሊያሳጣ የሚችል ምስጢር ግን ለትልቅ ሰው ይነገራል፣ ጓደኛችሁ ቢቀየማችሁም ይቀየማችሁ።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት የወጣው መስከረም መጨረሻ ላይ ነው። በዚያ ዓመት ያለፉት በጣም ጥቂት ነበሩ። ቁሐር ሚካኤል ከሚባለው ገጠር የመጣው ዘመነ ባየህ ከወደቁት አንዱ መሆኑን ስንሰማ መምህራኑ ሁሉ ደነገጥን፤ ከክፍሉ አንደኛ የሚወጣ ልጅ ነበር።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ጓደኛው አንለይ መጣ። አማከለችና እኔ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመን ነበር። ልጁ እኔን አይቶ አፈገፈገ፤ ልሄድላቸው ስል ግን «ይቆዩ ግድ የለም» አለኝ።

«ቲቸር፣ ዘመነ መጻሕፍቱን በሙሉ ሰጠኝ» አላት። «ጃኬቱንም ሰጠኝ። 'ከእንግዲህ አያስፈልገኝም፣ በደንብ ኑር' አለኝ። አነጋገሩ ደስ አላለኝም። ለማንም እንዳልናገር ደግሞ በእመቤታችን አስምሎኛል።» ይህን ብሎ አለቀሰ።

«ጥሩ አደረግህ» አለችው። «አሁን የት ነው ያለው?»

«አገር ቤት፣ ከወላጆቹ ጋር ነው።»

ወዲያው ባጃጅ ጠራች። ብቻዋን እንድትሄድ ስላልፈለግሁ እኔም ገባሁ፤ አንለይ መንገድ ሊመራን ከሾፌሩ ጎን ተቀመጠ። ክረምቱ ቢወጣም ሜዳው ገና ውኃ እንደቋጠረ ነበር። ባጃጁ ከተወሰነ ቦታ በላይ መሄድ ስላልቻለ ጫማችንን በእጃችን ይዘን፣ በጭቃና በሩዝ ማሳ መካከል እየተንሸራተትን ሄድን።

እናቱ ወይዘሮ ገላነሽ ገና ከሩቅ ሲያዩን ደነገጡ። ዘመነ ከጠዋት ጀምሮ ወፍ ሊጠብቅ ማሳ እንደወረደ፣ ምግብም እንቢ ካለ እንደሰነበተ ነገሩን። አማከለች ወደ ማሳው ወረደች፤ አንለይና እኔ ከእናቱ ጋር ቀረን። ሁለቱ ውኃ በሚያግደው የማሳው ክትር ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ከሩቅ ይታየናል። የተነጋገሩትን የነገረኝ ቆይቶ ዘመነ ራሱ ነው፤ እንድጽፈውም የፈቀደልኝ እሱ ነው።

«ቲቸር፣ በዚህ ጭቃ ምን አመጣዎት?» አላት።

«አንተን ላይህ ነው የመጣሁ።»

«አንለይ ነግሮዎት ነው።»

«አዎ፣ እሱ ነው። ፈርቶልህ ነው የነገረኝ።»

ፊቱን አዞረባት። ስለ ፈተናው አላነሣችበትም። እንቅልፍ ይወስደው እንደሆነ፣ እህል ይበላ እንደሆነ ጠየቀችው። ባጭር ባጭሩ መለሰላት። ከዚያ እንዲህ አለችው።

«ዘመነ፣ ሁሉ ነገር ሲጨልምበት ሞትን የሚመኝ ሰው አለ። አንተስ ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?»

«ድምጿ አልተለወጠም» ብሎኛል ዘመነ ይህን ሲያጫውተኝ። «ራስህን ያምሃል ወይ ብላ የጠየቀችኝ ነው የመሰለኝ። አስቤ ሳልጨርስ አፌ አዎ አለ።»

ከዚያ በኋላ ብዙ አለቀሰ። እሷም ተው አላለችውም። ሲረጋጋ የተናገረው ስለ ስሙ ነበር። «ከሕፃንነቴ ጀምሮ ዘመነ ብሎ የሚጠራኝ የለም። አባየ ዶክተር ይለኛል፣ ጎረቤቱ ዶክተር ይለኛል፣ ቤተ ክርስቲያን ስስም እንኳን ዶክተር መጣ ይላሉ። አሁን በማን ፊት ልለፍ? ብሞት ይቀላቸዋል።»

«እኔ ግን አይቀለኝም» አለችው። «እናትህንም አሁን አይቻቸዋለሁ። ያንተ አለመብላት ብቻ እንዴት እንዳደረጋቸው አይቻለሁ።» ቆይታ ደግሞ «ይህን ነገር ለብቻዬ አልይዘውም፤ ወላጆችህ ማወቅ አለባቸው። ካንተ ተደብቄ ግን አልነግራቸውም። አብረን እንነግራቸዋለን» አለችው።

«አባየ ይገድለኛል» አለ ዘመነ፤ ወዲያውም ያለው ነገር ለራሱ ገርሞት ፈገግ አለ። አማከለችም ፈገግ አለች። ተነሥተው መጡ።

አባቱ አቶ ባየህ ከብቶቹን ከውኃ መልሶ ሲገባ ሁላችንም ደጅ ተቀምጠን ነበር። ከመቀመጡ ዘመነ አንገቱን ደፍቶ፣ «አባየ፣ መኖር አስጠልቶኛል። ራሴን ላጠፋ አስቤ ነበር» አለ። ወይዘሮ ገላነሽ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። አቶ ባየህ ልጁን ትቶ ወደኛ ዞረ።

«ከከተማ ድረስ የመጣችሁት ይህን ልታስተምሩት ነው? ልጄ ጤነኛ ነው! ጎረቤት ቢሰማ ምን ይባላል? ስም ልታወጡብን ነው?» አለን። አማከለች ቁጣው እስኪወጣለት ጠበቀች። እሱ ግን አንለይን፣ «ሂድ፣ አባን ጥራልኝ። ገሃነም እንዳለ ይንገሩት!» ብሎ ላከው።

የንስሐ አባታቸው አባ ኪዳነ ማርያም ቤታቸው ሩቅ ስላልሆነ ብዙ ሳይቆዩ መጡ። ሁላችንም ተነሥተን መስቀል ተሳለምን። አቶ ባየህ የሆነውን ነግሮ ሲጨርስ፣ «እንግዲህ ይገሥጹልኝ» አላቸው።

አባ መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ። እኔ በበኩሌ ነገሩ ሊበላሽ ነው ብዬ ፈርቼ ነበር።

«ባየህ» አሉ፣ «እንዲህ ያለ ሞት ከገባበት ቤት ሄጄ አውቃለሁ። ያን ጊዜ ለልጁ የማደርገው ነገር አልነበረኝም። ይኸ ግን እያየኝ ነው፣ እየሰማኝ ነው። ስለምን እገሥጸዋለሁ?» ዘመነን «ና ልጄ» ብለው አጠገባቸው አስቀመጡትና እጁን ያዙት። ከዚያ ወደ አማከለች ዞሩ። «አንቺ ልጄ የተማርሽበት ነው። ምን እናድርግ?»

አማከለች ማድረግ ያለባቸውን በቀስታ ነገረቻቸው። ዘመነን ለብቻው እንዳይተዉት። ማልደው ወረታ ሆስፒታል እንዲወስዱት። ቤት ውስጥ ሊጎዳበት የሚችል ነገር ሁሉ ዛሬውኑ ከቤት እንዲወጣ።

«ጠበልስ?» አለ አቶ ባየህ።

«ጠበሉንም ይጠመቅ፣ ሐኪሙም ይየው» አሉ አባ። «ሁለቱም ከእግዚአብሔር ነው።»

አቶ ባየህ ተነሣ። ጓዳ ገባ፣ ወጣ፣ ወደ ጎተራው ሄደ። የለቃቀመውን በጋቢው ጠቅልሎ ወደ ወንድሙ ቤት ይዞት ሲሄድ አየነው። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። ከልጁ ጎን ቁጭ አለና፣ «ውኃ ልስጥህ?» አለው።

በማግሥቱ አባትና ልጅ ሆስፒታል መጡ። የአእምሮ ጤና ነርሷ ብርክቲ ዘመነን ብዙ ካነጋገረችው በኋላ፣ የያዘው ድባቴ የሚባል ሕመም እንደሆነ ለአባቱ አስረዳችው።

«ይድናል?» አላት አቶ ባየህ።

«ይድናል። ግን እየተመላለሳችሁ ነው። ደኅና የሚሆንበት ቀን አለ፤ የሚከብደው ቀንም አለ።»

እንዳለችውም ሆነ። በጸጥታው ችግር መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ ስለነበር አንዳንድ ቀጠሮ ያልፋቸዋል። ያን ጊዜ አማከለች ትደውላለች። ኔትወርክ ከሌለ ወደ ቁሐር በሚሄድ ሰው መልእክት ትልካለች። አንለይን ዘመነ ተቀይሞት ስለነበር አላነጋግርህም አለው። አንለይ ግን መጻሕፍቱንም ጃኬቱንም ይዞ ሄዶ፣ በሩ ላይ አስቀምጦለት ተመለሰ። በሌላ ጊዜ ሲመጣ ዘመነ በሩን ከፈተለት።

ከሁሉ የሚከብደው ቀን የመጣው ኅዳር ላይ ነው። ሩዙ ደርሶ ሰው ሁሉ አጨዳ ላይ ነበር። አንዱ አጫጅ ሳያስበው፣ «ዶክተር፣ ማጭድ ይሻላል እንዴ?» ብሎ ቀለደበት። ዘመነ ሥራውን አላቋረጠም፤ ውስጡ ግን ተመልሶ ጨለመ። ትንሽ ቆይቶ ወደ አባቱ ሄደና፣ «አባየ፣ ዛሬ ያ ነገር መጥቶብኛል» አለው።

አቶ ባየህ ማጭዱን መሬት ላይ ጣለ። የደረሰ ሩዝ፣ የተሰበሰበ ወንፈል ትቶ፣ ልጁን ይዞ ወረታ ገባ። ያን ቀን ሆስፒታሉ በር ላይ አግኝቼው ነበር። ልብሱ ላይ ገለባ ተጣብቋል። «እህሉን ደርሰው ያጭዱልኛል» አለኝ። «እኔን ነው የጠራኝ፣ አየህ? እኔን።» ይህን ሲል ይመካ ይሁን ያልቅስ መለየት አቃተኝ።

ዘመነ ዛሬ ሙያ ማሠልጠኛ ገብቶ የሞተር ጥገና ይማራል። ሆስፒታል የታዘዘለትን መድኃኒት ከሐኪም ጋር ተመካክሮ አቁሟል፤ ከብርክቲ ጋር ግን አሁንም ይገናኛል። ሁልጊዜ ደስተኛ ነው አልልም። አማከለችንም ሁሉ ተሳካላት አልልም። ባለፈው ዓመት እሷ ካልደረሰችበት ትምህርት ቤት አንዲት ልጅ ሞታ፣ ልቅሶ ደርሳ ከተመለሰች በኋላ ብዙ ቀን ሳትስቅ ሰነበተች። «ምነው ዕረፍት ብትወስጂ» ስላት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እሺ ብላ ሐሙሲት ሄዳ አርፋ መጣች።

ዘንድሮ አባ ኪዳነ ማርያም ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ እንድትናገር ጠሯት፤ እኔም አብሬያት ሄድሁ። ቁሐር ሚካኤል ደጀ ሰላም ወንዱም ሴቱም ተቀምጦ ሰማት። ስትጨርስ አቶ በላቸው የሚባሉ ሽማግሌ እጃቸውን አወጡ።

«ያልሽው ሁሉ ገብቶናል፤ ግን አፋችን አይደፍረውም። ልጁን ምን ብለን እንጠይቀው?»

«በለመዳችሁት አፍ ጠይቁት» አለች። «እስቲ አሁን ሞክሩት።»

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። አቶ በላቸው ራሳቸው ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ልጄ፣ ሞት ሞት ይልሃል እንዴ?» አሉ። ሌላው በራሱ አነጋገር ሞከረ። አንዳንዱ አፍሮ ሳቀ፤ እንዲያም ሆኖ ጠየቀ። ጥግ ላይ የተቀመጠች ማርያማዊት የምትባል ሴት ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ድምፅ ሳታሰማ ደጋግማ ትለዋለች። ከዚያ ጉባኤው ሳይበተን ተነሥታ ወደ ቤቷ ሄደች።

ሰኞ ጠዋት መምህራን ማረፊያ ተቀምጠን ሳለ የአማከለች ስልክ ጠራ። ድምፁ ከፍ ያለ ስለነበር እኔም ሰማሁት።

«ማርያማዊት ነኝ፣ ከቁሐር። ልጄን ሉሊትን ጠየቅኋት። አዎ አለችኝ።»

«አሁን አጠገብሽ ናት?» አለች አማከለች፣ እየተነሣች።

«አለች። እጇን ይዣታለሁ።»

«እንደያዝሻት ቆዪ። መጣሁ።»