ጠብ የማይለው ቡና

ሰፈሩ ስሙን ከረሳው ቆይቷል። ቧንቧ ጠግኖ ሲወጣ በር ላይ ዞር ይልና «ከእንግዲህ ጠብ አይልም!» ስለሚል፣ ጋሽ ጠብአይል ብለውት ቀሩ። ውኃ ሲንጠባጠብ ከሰማ እህል በጉሮሮው አይወርድም። አንድ ጊዜ ወንድሙን ሊጠይቅ ሐኪም ቤት ሄዶ፣ በሽተኛውን ትቶ ከእጅ መታጠቢያው ሥር ተጋድሞ ተገኝቷል።

ለዚህ ሰው የመንገድ ዳሯ የፊት ክፍል የዓይኑ ብሌን ናት። ቱቦው፣ መጋጠሚያው፣ «አንድ ቀን ይፈለጋል» ያለው ሁሉ እዚያ ተቆልሏል። ልጁ ደግሞ ክፍሏን የቬትናም ቡና በበረዶ ልትሸጥባት ፈለገች። ሆቴል አብራት የምትሠራ ቬትናማዊት አሠራሩን አስተምራት፣ የብረት ማጥለያም ሰጥታታለች። አባት እምቢ፣ ልጅም እምቢ ሲሉ፣ ልብስ ሰፊዋ እናት ፈረደች።

«ዛሬ ከሥራ ስገባ አቅምሺኝ። ከጣፈጠኝ ክፍሉ ያንቺ፣ ካልጣፈጠኝ የቱቦው። ከዚያ ወዲያ ጭቅጭቅ አልሰማም!»

ልጅቷ ከጣሳ ወፍራሙን ጣፋጭ ወተት ብርጭቆ ውስጥ አፈሰሰች። ማጥለያውን ከላዩ አስቀምጣ ቡና ጨመረች፣ ባለቀዳዳዋን መጫኛ በብሎኗ አሰረች፣ የፈላ ውኃ ሞላችበት። ይሄኔ ራሷን ያዘች።

«ወይኔ በረዶ! አባዬ፣ ሱቅ ደርሼ መጣሁ። እንዳትነካው፣ ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው።»

«ምን በወጣኝ እነካዋለሁ?»

ጠብ።

እጁን ኪሱ ከተተ። ጠብ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ጠብ። ሬዲዮ ከፈተ፤ ዜና አንባቢውም በመሀል ጠብ የሚል መሰለው። «ሩብ ዙር ብቻ» አለ ለራሱ። ሩብ ዙር ማንን ገደለ? ፒንሳውን አወጣ። ልማድ ክፉ ነው፤ ሩቡ ግማሽ፣ ግማሹ ሙሉ ሆነና ብሎኑ ሲጥ አለ። በጠርዙ በኩል ላብ ቢጤ ስላየ ቧንቧ የሚያሽግበትን ነጭ ቴፍሎን ጠመጠመለት።

ጸጥ። ጋሽ ጠብአይል ወንበሩን ተደግፎ እፎይ አለ።

እናትና ልጅ በር ላይ ተገናኝተው ኖሮ አብረው ገቡ።

«አባዬ! ምን አደረግከው?»

«ያፈስ ነበር፤ አቆምኩት» አለ አፉ ቀድሞት።

እናት ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አነሣች። «ቡና የምትሉት ይሄን ነው? ይሄማ ዝንብ የገባበት ወተት ነው።»

ልጅቷ በረዶውን እንደያዘች አቀረቀረች። አባት ዝም ቢል ክፍሉ ተርፎለታል። ግን ዓይኑ ከልጁ ፊት አልነሣ አለው። የበረዶው ፌስታል ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል፤ እሱ አልሰማውም፤ በጣቱ ቴፍሎኑን ለሚስቱ አሳያት።

«ቬትናሞች ቡናቸውን በቴፍሎን ነው እንዴ የሚያስሩት?» አለች እናት ወደ ባሏ ዞራ። «አንተ ሰውዬ! ዳኛው ሳይመጣ ምስክሩን አንቀህ ገደልከው? ተነሥ፣ ፍታው! እንደገና ይሠራል። አንተ እጅህ ላይ ትቀመጣለህ!»

ሲፈታው አተላው ሸሚዙ ላይ ተረጨ። ልጅቷ አዲስ ቡናና ውኃ ስትሞላ፣ እሱ ሁለት እጁን ከጭኑ ሥር ከቶ ተቀመጠ። ጠብ ባለ ቁጥር ትከሻው ይዘላል፣ ጥርሱን ይነክሳል።

«ልጅቷን ስወልድ እኔ እንኳ እንዲህ አላማጥኩም» አለች ሚስቱ።

ሲያልቅ ልጅቷ አማሰለችና በረዶው ላይ ገለበጠችው። እናት ተጎነጨች። ዓይኗን ጨፈነች። ደግማ ተጎነጨች።

«እህስ?» አለ አባት።

«ዝም በል።»

ጭላጩን ጨልጣ፣ በረዶውን ቆረጠመች። ከዚያ ልጇን «ማቀዝቀዣው በየት በኩል ይቆማል?» ስትል ጠየቀቻት።

ጋሽ ጠብአይል የደነዘዘ እጁን አወጣ። ሊከራከር ሲል የልጁን ፊት አየ።

«በግራ በኩል» አለ። «ዕቃ ማጠቢያም ያስፈልጋታል። ሌላ ሰው እንዳይገጥምላት፣ ጉድ ይሠራታል።»

ሜትሩን ሊፈልግ ወደ ፊት ክፍሉ ገባ። ብዙም ሳይቆይ ብረት ተንኳኳ፣ አንድ ነገር ተንከባሎ ወደቀ፣ እሱም ሲቆጣ ተሰማ።

«ይሄን ሁሉ ኮተት እዚህ የከመረው ማነው?»