የፓሪስ ሴቶች በጉርድ ሾላ ሰልፍ

ብዙአየሁ አሥራ አንደኛ ክፍል የገባችው ከልጇ ከብርቄ ጋር በአንድ ዓመት፣ በ1975 ነው። ብርቄ ቀን ትማራለች፣ እናትየው ማታ። ብዙአየሁ ልጅ ሳለች ተድራ ከሰባተኛ ክፍል አቋርጣ ነበር። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ሲመጣ ጎረቤቶቿን ፊደል ስታስቆጥር ከረመችና አንድ ቀን፣ «እኔስ እዚሁ ልቀር ነው?» ብላ ማታ ተመዘገበች፤ ክፍል በክፍል እዚህ ደረሰች።

ቀን ቀን ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የመንገደኞችን አዳራሽ ታጸዳለች። ከዚያ ትምህርት ቤት፣ ከዚያ በእግሯ ወደ ጉርድ ሾላ። ቤቷ ስትደርስ ደግሞ ሌላ ግብግብ ይጠብቃታል፤ የዓለም ታሪክ መጽሐፉ አንድ ብቻ ነዋ።

«እማዬ፣ ነገ ፈተና አለብኝ!»

«ናፖሊዮንን በረዶ ውስጥ ጥዬው ልነሣ? ትንሽ ታገሽኝ።»

«ሰውዬው እዚያው ይደር፣ እራት አቅርቡ!» ይላል ባሏ ወዳጆ። ግንበኛ ነው፤ ሲመሽ ረኃብ አይችልም።

መጀመሪያ ላይ ግን ታሪክ ፈጽሞ አይገባትም ነበር። ስሙ ከስም፣ ዘመኑ ከዘመን ይምታታባታል። ለጡረታ የተቃረቡት የታሪክ መምህር ላጲሶ አንድ ቀን ከክፍል ስትወጣ አስቆሟት።

«ዓመተ ምሕረቱን ለጊዜው ተዪው። አንቺ እዚያ ቦታ ብትኖሪ ኖሮ ያን ዕለት ምን ትሠሪ ነበር? እሱን አስቢ።»

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ተለወጠ። በሥራ ቦታዋ ድምፅ ማጉያው «ሮም፣ አቴንስ» ሲል መወልወያዋን ይዛ ቀጥ ትላለች። እነዚያ ስሞች ለዓመታት በጆሮዋ ያለፉ የበረራ ስሞች ነበሩ፤ አሁን ግን ሰው የኖረባቸው፣ የተጣላባቸው፣ የሳቀባቸው ከተሞች ሆኑ።

የፈረንሳይ አብዮት ላይ ሲደርሱ መምህሩ እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ታሪክ መርጦ በቃሉ እንዲተርክ አዘዙ። ብዙአየሁ በዳቦ እጦት የተነሡትን የፓሪስ ሴቶች መረጠች። የት ትለማመደው? ቅዳሜ ጠዋት ዳቦ ቤቱ ደጃፍ፣ ሰልፍ ላይ።

«ሴቶቹ ዳቦ አጡ» ብላ ጀመረች። «ንጉሡ ደግሞ ከከተማ ወጣ ብሎ በተንጣለለ ቤተ መንግሥት ይኖራል።»

«ከዚያስ?» አለች ኋላዋ የተሰለፈችው የሺመቤት።

«ከዚያማ በዝናብ ሰልፋቸውን ይዘው ወደ ቤተ መንግሥቱ ነጎዱ! ቢላዋ የያዘችም አለች፣ ዱላ የያዘችም አለች።»

ይኼኔ የዳቦ ቤቱ በር ተከፈተ። ሰልፉ ተተራመሰና ወሬው ከወገቡ ተቆረጠ። ከፊት የነበሩት መጨረሻውን አልሰሙ፣ ከኋላ የነበሩት መጀመሪያውን። ሰኞ ከሥራ ስትመለስ ከቀበሌ ትፈለጊያለሽ ተባለች።

ወዳጆ ፊቱ አመድ መሰለ። «ምን ተናግረሽ ነው?»

«ትምህርቴን ነዋ» አለች። መጽሐፉን በነጠላዋ ሸፍና ሄደች።

ሊቀ መንበሩ ጓድ ቢተው ቀና ብለው አይተው፣ «ጓዲት፣ የዳቦውን ሰልፍ ወደ ቤተ መንግሥት እንውሰደው ብለሻል አሉ» አሏት።

«እኔ አይደለሁም ጓድ ሊቀ መንበር፤ የፓሪስ ሴቶች ናቸው።»

«የየትኛው ቀበሌ?»

ብዙአየሁ መጽሐፉን ገለጠችላቸው። ጓድ ቢተው መነጽራቸውን አጠለቁና ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አነበቡ። ገጹ አለቀ፤ ቀና አሉ።

«እና ንጉሡን ምን አደረጉት?»

ከመጀመሪያው ጀምራ ተረከችላቸው። ጸሐፊዋ ሥራዋን ትታ ወንበሯን አስጠጋች፤ ዘበኛውም በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ሴቶቹ ንጉሡን ከነቤተሰቡ ወደ ፓሪስ ሲያመጡት ዘበኛው፣ «አበጁ!» ብሎ ጮኸ። ጓድ ቢተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ይኼማ የአብዮት ታሪክ ነው። እሑድ ለሴቶች ማኅበር ትናገሪዋለሽ።» ትንሽ አሰቡና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሰልፍ ላይ ግን እባክሽ ሌላ ወሬ አውሪ።»

ውጪ እስክትወጣ ሳቋን እንደምንም አፍና ቆየች። ደጅ ስትደርስ ለቀቀችው።

እሑድ የቀበሌው አዳራሽ ሞላ። ስትጨርስ የሺመቤት እጇን አወጣች። «ለመሆኑ በመጨረሻ ዳቦውን አገኙ?»

«ለጥቂት ጊዜ አገኙ» አለች ብዙአየሁ። «በኋላ እንደገና ጠፋ።» አዳራሹ ውስጥ እንደ መሳቅም እንደ መተከዝም ያለ ድምፅ ተሰማ። ጥያቄው ከእሷ ጋር ቤቷ ድረስ ሄደ።

በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ መምህር ላጲሶ ዓመቱ ምን እንዳተረፈላቸው ተማሪዎቹን ጠየቁ። እሷ ተራዋ ሲደርስ እንዲህ አለች፦ «ታሪክ የነገሥታት ጉዳይ ይመስለኝ ነበር። ለካ እነዚያ ሁሉ ሰዎች ጠዋት ተነሥተው ልጆቼ ምን ይበላሉ ይሉ ኖሯል። የሴቶቹን ስም ግን ማንም አልጻፈልንም፤ እሱ ቆጭቶኛል።»

መምህሩ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ውጤት ሲመጣ ብርቄ በሒሳቡም በእንግሊዝኛውም እናቷን ጥላት ሄደች። በታሪክ ግን እናት በለጠች። ልጅ አኩርፋ ዋለችና ማታ፣ «እሺ፣ እንዴት ነው የምታጠኚው?» ብላ አጠገቧ ተቀመጠች።

ክረምቱን ብዙአየሁ እንደገና መሠረተ ትምህርት አስተማረች። ከፊደሉ በኋላ አንድ አንድ ታሪክ ታወራለች፤ አማርኛ ለሚቸግራቸው በኦሮምኛ ትደግመዋለች። ስንት ዓመት ሙሉ ፊደል እንዲቆጥሩ ተለምነው እምቢ ያሉት ሽማግሌው ዱቤ ይህን ሰምተው ጭቃውን እየረገጡ ይመጡ ጀመር። ገና ካፖርታቸውን ሳያወልቁ፣ «ያቺ የግብፅ ንግሥት ከምን ደረሰች?» ይላሉ።

«መጀመሪያ ሀ ሁ ይበሉልኝ፣ አባ» ትላቸዋለች ብዙአየሁ።