የፈረሰው ኩይሳ

ዓመቱን በልክ አላስታውሰውም። ፍልሰታ እንደነበረ፣ ወንዙም ሞልቶ እንደነበረ ግን አውቃለሁ። ከዚያ ወዲህ ስንት ክረምት አለፈ፤ ዘንድሮ አንዲት ልጅ ከዩኒቨርሲቲ መጥታ ደጄ ላይ የወረቀት ከረጢቷን ስትከፍት ያ ሽታ ወጣ። የእርጥብ አፈርና የጥሬ ዱቄት ሽታ ነው።

ልጅቱ የአገሩን እንጉዳይ ትመዘግባለች። ከሞጣ ጀምራ በየደኑና በየማሳው ዳር እየዞረች ፎቶ ታነሣለች፣ ከሥሩ ትቆርጣለች፣ የበቀለበትን ቦታ ትጽፋለች።

«አባባ፣ በሞጣ በኩል የኩይሳውን እንጉዳይ በሽንኩርት ጠብሰው ይበሉታል። ‹የቢቸና ሰው እንጉዳይ ሲያይ ያማትባል› እያሉ ይስቁባችኋል፤ እውነት ነው?» አለችኝ።

አጠገባችን የተቀመጠው ጎረቤቴ ቀደመኝ። «እኛ የጅብ ጥላ አንበላም፤ ጅቡ ይጠለልበት! የዚህ አገር ኩይሳ ሰው ገድሏል። ጻፊው!»

ጻፈችው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። በፍልሰታ ልጅ አዋቂው ይጾማል። ያን ጊዜ እንጉዳይ ሲወጠወጥ ቤቱ ዶሮ የታረደበት ይመስል ነበር። ደንቡ አንድ ነው፤ ከኩይሳ የበቀለ ይበላል፣ ከሌላ የበቀለ አይነካም። ኩይሳው ከወንዙ ማዶ ነበር። እናቴ ላከችኝ። ወንዙ ቀልቶ ድንጋይ እያንከባለለ ይወርድ ነበር፤ ድምፁ አስፈራኝ። ባዶ እጄን መመለሱም አሳፈረኝ። ከአጥራችን ጀርባ፣ ከአሮጌው ጉቶ ሥር፣ ነጫጭ እንጉዳይ ወጥቶ ነበር። የጠዋት ፀሐይ አርፋበት እንደ እንቁላል ያበራ ነበር። በጋቢዬ ጫፍ ለቀምሁት።

«ከኩይሳው ነው?» አለች እናቴ።

«አዎ፣ እማዬ።»

ታናሽ እኅቴ ቆርባ፣ ረኃብ አንጀቷን አጥፎት ከቤተ ክርስቲያን መጣች። «ለእኔ ይብዛልኝ! አንተማ ወንዙን ጠጥተህ ጠግበሃል» ብላ ሣቀችብኝ። ጥቂት ነበር፤ ጠርጋ በላችው። እናቴ ጾሟን አልፈታችም ነበር። እኔም ሳልቀምስ ቀረሁ። እየራበኝ ለምን እንዳልቀመስሁ እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ።

ጎህ ሲቀድ አስመለሳት። በማግሥቱ ግን ተሻላት፤ ተነሥታ ጠጉሬን እየጎተተች ተጫወተች። ዳነች ብለን ነበር። በሦስተኛው ቀን ዓይኗ ቢጫ ሆነ፤ በአምስተኛው ቀበርናት።

ወንዙ ሲጎድል የሰፈሩ ወንዶች ዶማ ይዘው ተሻገሩ። ኩይሳውን ሲያፈርሱት ድምፁ እኛ ደጅ ድረስ ይሰማ ነበር። አንድ ቃል አልተነፈስሁም። እናቴ አጠገቤ ቆማ እጄን አጥብቃ ይዛ ነበር። ከዚያ ወዲያ በሰፈራችን እንጉዳይ የበላ የለም። አሁንም ክረምት ሲገባ፣ ዝናቡ አባርቶ ዝም ሲል፣ ያ ዶማ ይሰማኛል።

እናቴ ልትሞት ሰሞን፣ ፀሐይ ላይ አውጥቼ አስቀምጫት ሳለሁ፣ ሳልጠይቃት ተናገረች።

«ያን ቀን ወንዙ ሞልቶ ነበር። ሱሪህ ግን ደረቅ ነበር። ልብ ያልሁት እሷ ከበላች በኋላ ነው።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«አንዷን አፈር ወሰዳት፤ አንተን ደግሞ የሰው አፍ ይውሰድህ?»

እኔም ለማንም አላወራሁም፤ እስከ ዘንድሮ።

ጎረቤቴ ሲሄድ ልጅቱ ከረጢቷን ትሰበስብ ነበር። «ልጄ፣ ቅድም የጻፍሽውን ሰርዥው። ኩይሳው ማንንም አልገደለም» አልኋት። ከአጥሩ ጀርባ ወሰድኋት። ጉቶው አፈር ሆኗል፤ ነጩ ግን በየክረምቱ ይመጣል። ሁሉንም ነገርኋት። እርሳሷን እንደያዘች ጭቃው ላይ ተንበርክካ ሰማችኝ።

ኋላ ዓይኗን ጠራርጋ፣ «ማን ነገረኝ ብዬ ልጻፍ፣ አባባ? ካልፈለጉ ስምዎን እተወዋለሁ» አለችኝ።

«የእኔን ጻፊ። የዋሸሁት እኔ ነኝ። ከሥሩ ደግሞ የእናቴን።»

«እናትዎ ማን ይባሉ ነበር?»

ከቅጠሉ ላይ ውሃ ይንጠባጠብ ነበር። ስሟን ከጠራሁት ብዙ ዘመኔ ነው።

«አንጓች» አልኋት።