የዱካሞ ፍሪዘርና የሚቀልጠው ተራራ

ዱካሞ አሌክሳንድራ በሚባለው ሰፈር ውስጥ አንዲት ጠባብ ስፓዛ፣ ማለትም የመንደር ሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ፣ አለችው። ሰፊ የሆነው ስለ ራሱ ያለው ግምት ነው።

መብራት በጠፋ ቁጥር የአይስክሬሙን ፍሪዘር በብርድ ልብስ ይጀቡንና ክዳኑ ላይ ተቀምጦ መመሪያ ያወጣል፦ «ካልከፈታችሁት አይቀልጥም!» መብራት ሲመጣ ሰፊው ሕዝብ ቀልጦ እንደገና የረጋ፣ መኪና የሄደበት የሚመስል አይስክሬም ይገዛል። ዱካሞ ግን ከዚህ ሁሉ የበረዶ ሊቅ መሆኑን ብቻ ተማረ።

ባለፈው መስከረም፣ እዚህ አገር ብርዱ ወጥቶ ሙቀት ሲጀምር፣ የቤተ ክርስቲያኑ ኅብረት በረዶ ሊያይ ወደ ሌሶቶ ድንበር ተራሮች ሄደ። አስተባባሪ ማን ይሁን? ሊቁ አለ እንጂ! ራሱ ያመጣውን ሚኒባስ ወስዶ አንድ ነጭ ተዳፋት ሥር ገተረው። ጠዋት በረዶው ድንጋይ ነበር። ምሳ ሲደርስ ግን ፀሐይዋ በረታች፤ ሞኬቴ የሚባለው የአካባቢው መንገድ መሪ አካፋ ይዞ መጣ።

«ላዩ እየላላ ነው። ልቆፍርና ውስጡ ውሃ መያዙን ልይ። ሥሩ ድረስ ከራሰ ይናዳል።»

ዱካሞ አካፋውን ጨብጦ ያዘ። «ኖ፣ ኖ፣ ማይ ፍሬንድ! ከከፈትከው ይቀልጣል!»

«ይሄ ፍሪዘር ነው እንዴ? ክዳኑ የታለ?»

«ክዳኑ ራሱ በረዶው ነው።»

«ወንድም ዱካሞ ካለ እንግዲህ...» አሉ ምእመናኑ፤ ምንጣፍ አንጥፈው እዚያው ለምሳ ተቀመጡ። መኪና ያመጣን ሰው ማን ይቃወማል?

ሚስቱ የዓለምወርቅ ግን አልተቀመጠችም። ያን ፍሪዘር የምታጥበው እሷ ናት፤ ብርድ ልብሱ ሥር የሚጠራቀመውን ውሃ ታውቃለች። ባሏ ዞር ሲል የወጡን ጭልፋ በረዶው ውስጥ ሰካችው። እስከ እጀታው ሰመጠ፤ ስታወጣው ውሃ ሞልቶ መጣ።

«ዱካሞ፣ ተነሥ!»

«ከፈትሽው?!»

«ተነሥ አልኩህ፣ አንተ ሰውዬ! እናንተም ተነሡ፣ ድስቱን ተዉት!»

ሁሉም ሞኬቴን ተከትለው ወደ ድንጋያማው ጉብታ ሮጡ። ዱካሞ ግን ሚኒባሱ ውስጥ ገብቶ በሩን ዘጋ። መመሪያ አውጪ ሲሮጥ መታየት የለበትማ!

ናዳው አልቸኮለም። የተቦካ ሲሚንቶ መስሎ ወረደና ምንጣፉን ዋጠ፣ ድስቱን ዋጠ፣ ሚኒባሱን እስከ መስኮቱ ቀበረው። ሞኬቴ በአካፋ፣ የዓለምወርቅ በዚያው ጭልፋ ቆፍረው ሊቁን በመስኮት ጎትተው አወጡት። ጥርሱ ይንገጫገጫል። የመጀመሪያ ቃሉ ምስጋና እንዳይመስላችሁ።

«አላልኩም?» አለ ጭልፋውን እያየ። «ከከፈታችሁት ይቀልጣል።»

ዛሬም ክዳኑ ላይ ተቀምጦ፣ ሚስቱ ተራራ እንደናደች ለደንበኛው ሁሉ ያወራል። እሷም ታዲያ ከዚያ ወዲህ መብራት ሲጠፋ ብርድ ልብሱን ማቀበል ትታለች።