ለሐረጎ የተቀመጠች መኪና

ፋብሪካው አዲሶቹን ሞዴሎች ያስተዋወቀ ዕለት ቤታችን ለቅሶ ቤት ይመስል ነበር። ሐሙስ ምሽት ነው፤ በነጋታው ሥራ የለም። ጅዳ፣ ጃሚዓ ሰፈር ባለችው ጠባብ ሳሎናችን ውስጥ የባሌ ጓደኞች ምንጣፉ ላይ ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። ባሌ ስልኩን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝቶ ሁላችንም እናያለን። የእኛን ስፖርት መኪና የሠራው ፋብሪካ ከእንግዲህ ምን ምን እንደሚያወጣ ሊነግረን ነው። ነገረንም። ቤንዚን የሚባል ነገር ቀረ። በእጅ የሚቀየር ማርሽ ቀረ። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዘው ትንሿ መኪና ቀረች፤ በእሷ ፈንታ ልጅና ዕቃ የሚጫንባት፣ ከፍ ያለች፣ በባትሪ የምትሄድ የቤተሰብ መኪና መጣች። የሞተር ድምፅ ለሚናፍቀው ሰው ደግሞ ድምፁን በስፒከር ያሰሙታል ተባለ።

ከዚያ አየር መንገድ ትኬት ክፍል የሚሠራው ጎረቤታችን ስልኩን አወጣና ዋትስአፕ ግሩፓችን ላይ «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» ብሎ ጻፈ። ሰው ሲሞት የምንለውን ማለት ነው። ግሩፑ ጅዳና መካ ያለን መኪና ወዳድ ሐበሾች የተሰባሰብንበት ነው፤ መልሱ ወዲያው ጎረፈ። አንዱ «አላህ ሰብሩን ይስጠን» አለ። ሌላው ፋብሪካውን ረገመ። እዚሁ ተወልዶ ያደገ አንድ ልጅ «ኻላስ» ብቻ ብሎ የሚያለቅስ ፊት ላከ።

እውነቱን ለመናገር ከዚያ ሁሉ አልቃሽ መሐል እንዲህ ያለ መኪና ያለው ባሌ ብቻ ነበር። የቀሩት የልጅ መቀመጫ የታሰረበት፣ ወለሉ በብስኩት ፍርፋሪ የተሞላ መኪና ነው የሚነዱት። ነገር ግን ስለ እኛዋ መኪና ሲያወሩ ለሰማቸው ከእኔ ይልቅ የእነሱ ናት።

የባሌ የቅርብ ጓደኛ የጎንደር ልጅ ነው፤ ክርስቲያን ነው፤ ወደብ ላይ መሐንዲስ ነው። ያን ምሽት እስኪረጋጉ ጠበቀና ሻዩን አስቀመጠ።

«እኔ ከመርከብ ሲወርዱ አያቸዋለሁ» አለ። «ድምፅ የላቸውም። ዞር ስትል አጠገብህ ደርሰዋል። ሰው እንዳይገጩብን ከፊታቸው ፊሽካ የሚነፋ ሰው እናስኬዳለን።»

«ስፒከሩስ?» አለ ጎረቤታችን።

«ስፒከሩማ አስለቃሽ መቅጠር ነው። ሟችን ሳታውቃት ተከፍሏት የምታለቅስ።»

ሁሉም ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ ተናድጄ ነበር። እነዚህ ወንዶች የሚያለቅሱት ጠግበው ለበሉት ነገር ነው። ከአሥራ ስምንት ዓመታቸው ጀምሮ ማርሽ ሲቀይሩ ኖረዋል። እኔ እዚህ አገር ስመጣ ሴት መሪ መያዝ አይፈቀድላትም ነበር። ዓመታት በቀኝ በኩል ተቀምጬ የሰው አነዳድ አዳመጥኩ። ማርሽ መቼ እንደሚቀየር የተማርኩት በጆሮዬ ነው። ባሌ ሲዘገይ ግራ እግሬ ራሱ ወለሉን ይጫን ነበር። ሴት ትንዳ የተባለ ጊዜ መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ቀድመው ከተሰለፉት ውስጥ ነበርኩ። አስተማሪዋ «ከዚህ በፊት ነድተሻል?» ብላ ጠየቀችኝ። «በጆሮዬ» አልኳት፤ አልገባትም። ያ ከሆነ ገና ጥቂት ዓመት ነው። አሁን ደግሞ ማርሹም ድምፁም ቀረ ይሉኛል። ድግስ ሲያልቅ የደረስኩ እንግዳ ሆንኩ።

መኪናዋን ባሌ የገዛት ልጆቻችን ለዩኒቨርሲቲ አገር ቤት ከገቡ በኋላ ነው። ኮንትራቱን ጨርሶ ከሚሄድ አንድ ፈረንጅ ገዛት። ፈረንጁ ብዙም አልነዳትም፤ የበሮቿ የውስጥ ላስቲክ እንኳ አልተላጠም ነበር። እኛም አልላጥነውም።

ዐረብ አገር የኖረ ሐበሻ ይህን ያውቀዋል። ጥሩ ነገር ሁሉ ለአገር ቤት ነው የሚቀመጠው። ወፍራሙ ብርድ ልብስ ከነቦርሳው ቁም ሳጥን ላይ ነው፤ የሳህኑ ስብስብ ከነካርቶኑ አልጋ ሥር ነው፤ እኛ በላስቲክ ሳህን እንበላለን። ሰው ዕቃውን ያስቀመጠ ይመስለዋል፤ የሚያስቀምጠው ዕድሜውን ነው። እኛ ደግሞ ብሰን መኪና አስቀመጥን።

ምክንያት ነበረን። የጅዳ መንገድ ገበታ ነው፤ መሪ ቀጥ አድርጎ መያዝ ብቻ ነው። እንዲህ ያለች መኪና የተሠራችው ለጠመዝማዛ ነው። እኔ የደሴ ልጅ ነኝ። ከኮምቦልቻ ደሴ የሚያወጣውን ሐረጎን በልጅነቴ በአውቶቡስ ያልወጣሁበት ክረምት የለም፤ ሾፌሩ ከርቩ ላይ ማርሽ ሲቀንስ አውቶቡሱ የሚያሰማውን ማቃሰት እስከ ዛሬ አውቀዋለሁ። አንድ ቀን ጠቅልለን ስንገባ ይቺን መኪና ሐረጎን እኔ አወጣታለሁ። ሁለተኛ ማርሽ፣ ሦስተኛ፣ እንደገና ሁለተኛ፤ ድምጿ ገደሉን መትቶ ሲመለስ እየሰማሁ። ባሌም ይህን ያውቅ ነበር፤ «ሐረጎን ላንቺ ሰጥቼሻለሁ» ይለኝ ነበር። ከዚህ አገር የምመኘው ሌላ ነገር አልነበረኝም ብል አልዋሸሁም።

እስከዚያው ድረስ መኪናዋ ምድር ቤት በሽፋን ተጠቅልላ ትውላለች። ጁምዓ ጠዋት እንነሣና እስከ ባሕሩ ዳር ሄደን እንመለሳለን። ኪሎሜትር እንዳይበዛባት።

ጠመዝማዛ መንገድ እዚህ የለም ማለቴ አይደለም። ከመካ አለፍ ሲሉ ወደ ጣኢፍ የሚያወጣው ሐዳ አለ፤ ተራራውን እየተጠማዘዘ ነው የሚወጣው፤ ደሴ የገባሁ እስኪመስለኝ ድረስ። ብዙ ጊዜ እንሂድ ብያለሁ። የባሌ መልስ አንድ ነው። «ፍሬኗንና ጎማዋን ሐዳ ላይ ጨርሰን ለሐረጎ ምን ልንወስድ ነው?» እኔም እሺ እላለሁ። ትክክል ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ አገር ቤት በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ተከለከለ። ስንሰማ አላመንንም። ባሌ «ለተመላሽ የተለየ ነገር ይኖራል፣ ኢንሻ አላህ» እያለ ቀኑን ገፋ። እኔም አብሬው ኢንሻ አላህ አልኩ። ያን ሐሙስ ምሽት ሁሉም ሊሄዱ ሲነሡ መሐንዲሱ ጫማውን እያጠለቀ አንድ ነገር ተናገረ።

«የሚገርማችሁ፣ አሁን የሚያወጧት ባለስፒከሯ ብትሆን አዲስ አበባ ትገባለች። አትገባም የተባለችው የናንተዋ ናት።»

ሊያስቀን ነበር። ባሌ በሩን ከኋላቸው ዘጋ። እኔ ሻዩን አነሣሁ። ፋብሪካው ከወዲያ በሩን ዘግቷል፤ አገራችን ከወዲህ ዘግታለች፤ መሐል ላይ በሽፋን የተጠቀለለች አንዲት መኪና አለችን።

ብዙም አልቆየ፤ ባሌ የሚሠራው የአውሮፕላን ጥገና ሥራ ለአገሬው ሰው ተሰጠ። ቀን ነው የጣለን፤ ማንንም አልረገምኩም። የእኔ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ በእሱ ኢቃማ ላይ የተንጠለጠለ ስለሆነ ለሁለታችንም ኹሩጅ፣ ላይመለሱ መውጫው፣ ተመታ። ስለ መኪናዋ አንድ ጊዜ ደግመን አስጠየቅን። አትገባም ተባልን። ያን ቀን ባሌ ምሳ አልበላም። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ ውኃውን ከፍቼ አለቀስኩ። ለመኪና ማልቀስ ያሳፍራል፤ ቢሆንም ለእሷ ብቻ እንዳልነበር አውቃለሁ።

ገዢው የተገኘው በዚያው ግሩፕ በኩል ነው። የመካ ሰው ናቸው፤ የፋብሪካውን ዜና ሰምተው እንደኛዋ ያለችውን የድሮዋን ሲፈልጉ ነበር። ባሌ ኪሎሜትሩን ፎቶ አንሥቶ ላከላቸው። «ይህ ቁጥር እውነት ከሆነ እወስዳታለሁ» አሉ። «ወደ እኔ ከምትመጡበት መንገድ በቀር እንዳይጨምር።»

የምናስረክብበትን ቀን ከመጨረሻው ዑምራችን፣ ከመካ ጸሎት ጉዟችን፣ ጋር አደረግነው። ባሌ ቤት ታጥቦ ሁለቱን ነጭ ጨርቅ ለብሶ፣ ኢሕራም፣ የጉዞውን እርም፣ ገብቶ ወረደ። እኔም የዑምራውን ሐሳብ በልቤ ነይቼ ነጠላ ጫማዬን አደረግሁ። ምድር ቤት ቁልፉን ሰጠኝ።

«አንቺ ንጃት» አለ።

በሕይወቴ በጣም ረጅም መንገድ የነዳሁት ይኸው ነው፤ ከጅዳ መካ፤ ሜዳ ለሜዳ። ነጭ ጨርቁን ይዞ በዚያች ዝቅ ያለች ወንበር ላይ የተጣጠፈውን ባሌን የሚያይ ሁሉ ከየመኪናው አንገቱን ያሰግጋል። መሐንዲሱ በራሱ መኪና ይከተለናል። እስከሚፈቀድለት ድረስ ልሸኛት ብሎ ነው፤ ሐረም በሚባለው የመካ ቅዱስ ክልል ውስጥ ክርስቲያን አይገባም።

ሹመይሲ ሳንደርስ አንድ ነዳጅ ማደያ ላይ ቆምን። ሹመይሲ ሲባል የሐበሻ ሁሉ ሆድ ይባባል፤ ወረቀት የሌለው ሰው ተይዞ አገሩ እስኪላክ የሚቆይበት ነው። እኛ ወረቀት አለን። ቢሆንም እኛም እየተላክን ነበር። መሐንዲሱ ወርዶ እጁን የሞተሯ ክዳን ላይ አሳረፈ፤ እንደ ሕፃን ግንባር። ከዚያ በመስኮቴ በኩል ጎንበስ አለ።

«እኔ ከዚህ በኋላ መንገዴ ወዲያ ነው» አለ። «ግን እኮ እኔን የሚያዞረኝ መንገድ ሐዳ ነው የሚያደርሰኝ። ዛሬ ተከተሉኝ። አንዴ ትውጣ። ከላይ ዞራችሁ መካ ትወርዳላችሁ።»

የሚያየው እኔን ነበር። ባሌ በእኔ ፈንታ መለሰ።

«ኪሎሜትሩን ነግሬያቸዋለሁ፣ ወንድሜ። ቃል ነው። ደግሞ ኢሕራም ለብሰን ተራራ ላይ ስንሽከረከር የሚያየን ምን ይለናል?»

«እህቴ፣ አንቺስ?» አለኝ መሐንዲሱ።

ኢሕራም ላይ ክርክር የለም። ለራሴ ያልኩት ይህን ነበር፤ ዝም ያልኩትም በዚህ ሰበብ ነው። ግን ክርክር አያስፈልገኝም ነበር። ባሌ መሪ አልያዘም። መሪው የኔ እጅ ላይ ነው፤ ማርሹም። መንገዱ ሲከፈል የመሐንዲሱን መኪና ተከትሎ መጠምዘዝ ብቻ ነበር የቀረኝ፤ ባሌ ቢበዛ ዝም ይል ነበር። ሙስሊም ያልሆነ ወደዚህ የሚለው ትልቁ ሰሌዳ መጣ። መሐንዲሱ ጥሩምባውን አሰማና ዞረ። እኔ ቀጥ ብዬ ሄድኩ።

ለምን? ከዚያ ወዲህ ራሴን ብዙ ጊዜ ጠይቄአለሁ። የከለከለኝ ሰው የለም። ማስቀመጥ ለምዶብኝ ነው፤ የመጨረሻዋ ሰዓት ላይ እንኳ፣ የማስቀምጥለት ነገር ሳይኖረኝ፣ አስቀመጥኩ።

ሰውየው በዕድሜ የገፉ፣ አነጋገራቸው የለሰለሰ የመካ ሰው ናቸው። ቀዝቃዛ ውኃና ተምር አቀረቡልን። ከቤታቸው ሥር ያለው ጋራዥ በሽፋን የተሸፈኑ መኪኖች ሞልተውበታል። መኪናዋን በኋላ ማርሽ አስገባሁላቸውና ሞተሩን አጠፋሁ። ስለ አዲሶቹ ሞዴሎች ሲያወሩ ከሰማኋቸው ሰዎች ሁሉ ደስ ያላቸው እሳቸው ብቻ ነበሩ።

«አላህ ይስጣቸው» አሉ በዐረብኛ። «እነሱ ባቆሙ ቁጥር የኛዎቹ ይከብራሉ።» በሩን ከፈቱና ያልተላጠውን ላስቲክ በጣታቸው ዳሰሱ። «ከነላስቲኩ። ማሻአላህ።»

«ይነዷታል?» አልኳቸው።

«ኧረ ይቺማ አትነዳም» አሉ። ጥያቄው አስገርሟቸዋል። «ይቺ እዚህ ነው የምትቀመጠው።»

ባሌ አንገቱን ደፋ። ሰውየው በመኪናዋ ዙሪያ ሄዱ፤ ተንበርክከው ጎማዎቹን አዩ፤ ተነሡ።

«አንድ ነገር ልጠይቃችሁ» አሉ። «እዚህ አካባቢ መኪና የሚያልቀው ሐዳ ላይ ነው። ፍሬኑም ክላቹም እዚያ ነው የሚበላው። ሐዳ ወጥታለች?»

ባሌ ወደ እኔ ዞረ። ኢሕራም ላይ ነን፤ ውሸት ደግሞ አላስፈለገም።

«አልወጣችም» አልኩ።

«አንድ ቀን እንኳ?»

«ወላሂ፣ አንድ ቀን እንኳ።»

ፊታቸው በደስታ በራ። «ባረከላሁ ፊኩም» ብለው መረቁን፤ አዲስ ሽፋን ከመደርደሪያ አወረዱና ከባሌ ጋር ግራና ቀኝ ይዘው አለበሷት።