አራስ እናቴ በደጀ ሰላሙ

ልጅ እያለሁ የማርያም መቀነት ሰማይ ላይ ሲወጣ የመንደራችን ልጆች እልል ይላሉ፤ እኔ ግን ዞሬ ወንዙን አይ ነበር። አባቴ ቄስ ነበሩ። ያን ቀለም ባዩ ቁጥር እግዚአብሔር ለኖኅ የገባውን ቃል ያነሱልናል፤ ምድርን ዳግመኛ በውሃ አላጠፋም ብሏል፣ እሱ ደግሞ ቃሉን አያጥፍም ይሉናል። እኛ ግን የምንኖረው ፎገራ ሜዳ ላይ ነው። በየክረምቱ ርብ ወንዝ ሞልቶ ጓሯችን ይደርሳል። ሁለቱን ነገር ማስታረቅ አቅቶኝ ስንት ጊዜ ተጨንቄአለሁ።

በሃምሳዎቹ ውስጥ በአንዱ ዓመት ነሐሴ ሳያባራ ዘነበ። እናቴ እህቴን ከወለደች ገና አሥራ ሁለት ቀኗ ነበር። ቤታችን ቅቤና አብሽ፣ ከሁሉም በላይ የራሰ ጭቃ ይሸታል። ጎረቤቶቻችን ልጆቻቸውን ይዘው በአካባቢው ብቸኛ ከፍታ ወደሆነው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ወጡ። «መምሬ፣ ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስድ፤ ይነሱ እንጂ» ብለዋቸው ነበር። እኛ ቀረን። ሴት ልጅ የወለደች አራስ ሰማንያ ቀን ሳይሞላት ደጀ ሰላሙን አታልፍም። አባቴ ይህን ሥርዓት በሌላው ላይ ሲያስጠብቁ ኖረው በገዛ ሚስታቸው ሊያፈርሱት አልደፈሩም።

«ከደጃፋችን አያልፍም፤ ቃል አለን» አሉ።

አለፈ። ምድጃው ጠፋ፣ አመዱ ተንሳፈፈ። የጎታው እግር ሲርስ አባቴ በሁለት እጃቸው ደግፈው ቆሙ፤ የከርሞ ሽምብራ ዘራችን እዚያ ውስጥ ነበር። ጎታ ግን ጭቃና ጭድ ነውና እጃቸው ላይ ተናደ፤ ዘሩም ውሃው ውስጥ ፈሰሰ። ባዶ እጃቸውን ሲያዩ የነበረው ፊታቸው እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

እናቴ ከመደቡ ወረደች። አባቴን ቀና ብላ ተናግራ የማታውቅ ሴት ናት።

«መምሬ፣ እሱ የማለው ለምድር ነው እንጂ ለኛ ጎታ አይደለም። ቢቆጡም ይቆጡ፣ ልጄን ይዤ እወጣለሁ» አለቻቸው።

ሕፃኗን እንቅብ ውስጥ አስተኝታ በራሷ ላይ አደረገቻት። ቀሚሷን ይዤ ተከተልኳት። ውሃው ለእሷ ወገብ፣ ለእኔ ደረት ነበር። አባቴ ከኋላችን ዳዊት እየደገሙ መጡ። እዚያ መሀል አንድ ክፉ ሐሳብ መጣብኝ፦ እግዚአብሔር የተስፋ ቃሉን የማያጥፍ ከሆነ የቁጣ ቃሉንስ ለምን ያጥፋል? እናቴ ያን በር ካለፈች እህቴን ይወስድብናል ብዬ ፈራሁ።

በሩ ጋ ስንደርስ እናቴም ቆመች። እስከዚያ የደፈረች ሴት እንቅቡን በሁለት እጇ ይዛ ከበሩ ውጭ ቀረች። ከውስጥ ሰው ሁሉ ያየናል፤ ግቢ የሚላት ግን ጠፋ። ያን ጊዜ የቤተ ክርስቲያኑ ኃላፊ የሆኑት ሽማግሌ ቄስ፣ የደብሩ ገበዝ፣ ጋቢያቸውን እየጎተቱ መጡ።

«ምን ያስቆምሻል?»

«አራስ ነኝ፣ አባቴ። አሥራ ሁለት ቀኔ ነው።»

«ኖኅ እንስሳቱን ወደ መርከቡ ሲያስገባ የትኛዋ ወለደች ብሎ ጠይቋል? ግቢ ልጄ። ቅጣት ካለው በእኔ ይሁን።»

ገባች። ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ከውሃው የባሱ ነበሩ። እህቴን ሳል ያዛት። ባሳለች ቁጥር እናቴ እኔን ታየኛለች፣ እኔም እሷን፤ የመጣው ቅጣቱ ይመስለናል። አባቴ ስለ ኖኅ ማውራት ተዉ። ውሃው ሲሸሽ ጎረቤት በእፍኝ በእፍኝ ያዋጣልንን ሽምብራ አንገታቸውን ደፍተው ዘሩ። በሰማንያኛው ቀን ገበዙ ራሳቸው እህቴን አጥምቀው ኪዳን አሏት። እናቴ እህል በወጉ የቀመሰችው ያን ዕለት ነው።

ዛሬ እናቴም አባቴም ገበዙም የሉም። ያኔ እግዚአብሔርን እፈራ ነበር፤ አሁን ውሃውን እፈራለሁ፤ የትኛው እንደሚሻል አላውቅም። ኪዳን እዚያው ሜዳ ላይ ሩዝ እያበቀለች ትኖራለች። ክረምት በበረታ ቁጥር ከምኖርበት ከወረታ ከተማ እደውልና ውጪ እላታለሁ።

«እታለም፣ እሱ ቃሉን አያጥፍም» ትለኛለች፤ ቁርጥ አባቷን።

«አያጥፍም። ግን እናታችን አንቺን ተሸክማ ባትወጣ ዛሬ ማን ይመሰክርለት ነበር?»

«እናታችንን ያስነሳትስ ማን ሁኖ ነው?»

 እኔም ከቤት መውጣቷን እስክሰማ ድረስ ስልኩን አልዘጋም።