ሰለስተና ክልተ

አባቴ ከወሎ መቀሌ የገባው እኔ ሳልወለድ ነው። ሓድነት ክፍለ ከተማ ውስጥ የብረት በርና መስኮት ይሠራል፤ ከደንበኛ ጋር በትግርኛ፣ ከእኛ ጋር በአማርኛ። ዩኒቨርሲቲ፣ እንዳ ኢየሱስ ግቢ ኤሌክትሪካል ምህንድስና ስማር አንድ ሰው «ሰለስተ» መስኮት አዘዘው፤ ሦስት ማለቱ ነው። አባቴ «ክልተ» ብሎ ሰማና ሁለት ሠራ። ሰውየው «ይህን ሁሉ ዘመን ኖረህ መቁጠር እንኳ አልለመድክም?» አለው።

ከዚያ ወዲህ አባቴ ትግርኛ መናገር ተወ። ደንበኛ ሲመጣ እኔን ይጠራል። ወርክሾፑን ዘግቶ ወሎ ስለመመለስም ያወራ ጀመር። እኔ ወሎን የማውቀው በወሬ ነው።

ጆሮውን የጠረጠርኩት ስልኩ አጠገቡ እየጮኸ ተረጋግቶ ሻዩን ሲጠጣ ሳይ ነው። አስተማሪያችንን አስፈቅጄ ቤተ ሙከራ ወሰድኩት። ማዳመጫ አጠለቅኩለት፤ ከወፍራም ድምፅ ጀምሬ እያቀጠንኩ፣ እያንዳንዱን ምን ያህል እንደሚሰማው ነጥብ አደረግኩ። ነጥቦቹን በተራ የግራፍ ወረቀት ሳገናኛቸው መስመሩ ወፍራሞቹ ካሉበት ከግራው ጠርዝ ብዙም ሳይርቅ ቁልቁል ወረደ።

«የቀረችኝ ይቺ ናት?» አለ።

ሎግ ወረቀት አወጣሁ። በእሱ ላይ በሴኮንድ ከመቶ እስከ ሺህ ንዝረት ያለው ስፋት ከሺህ እስከ አሥር ሺህ ካለው ጋር እኩል ነው። እነዚያኑ ነጥቦች ስሥላቸው መስመሩ የወረደው ወረቀቱን አጋምሶ ካለፈ በኋላ ነው።

«ወረቀት ዘርግተህ አብሽር ልትለኝ ነው?»

ተናደድኩ። «አባ፣ በአንድ መዶሻ ላይ ሌላ ሲጨመር ጆሮህ ያውቃል። በመቶ ላይ አንድ ቢጨመርስ?»

«ማን ይሰማዋል።»

«ጆሮ ጩኸትንም ቅጥነትንም በእጥፍ ነው የሚቆጥረው፤ ይህም ወረቀት እንደዚያው። ያታለለህስ የፊተኛው ነው።»

መስመሩ የወረደበት ላይ ጣቱን አሳረፈ። «እዚህ ምን ነበር?»

«ቀጫጭኖቹ ድምፆች። ሰ፣ ሸ፣ ፈ።»

«ሰለስተ» አለ ለራሱ። ከዚያም፣ «ትግርኛዬስ?»

«ትግርኛህ ምንም አልሆነም።»

በሚኒባስ ተመለስን።

በሳምንቱ ደንበኛ መጣ። ላስተረጉም ስነሣ አባቴ በእጁ መለሰኝ። «ብኣጻብዕትኻ ኣርእየኒ» አለው፤ በጣትህ አሳየኝ። ሰውየው ጣቶቹን ዘረጋ። አባቴ ማንም ሳይጠይቀው ጨመረለት፦ «እዝነይ እዩ ሓሚሙ፤ ትግርኛስ እፈልጥ እየ።»

ጆሮዬ ነው የታመመው፤ ትግርኛማ ዐውቃለሁ።